ሴት ብታውቅ በማን ያልቅ?

አባቶቻችን ካወረሱን ምሳሌያዊ ንግግሮች ብዙዎቹ ዕድሜ ልክ የማያልቅ ትምህርት የሚሰጡ ናቸው። ዳሩ ግን ምሳሌ ሁሉ የተፈጥሮን እውነት አይናገርም፤ አንዳንዱ የዘመኑን ልማድ ብቻ ያሳያል። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ቃል ከእነዚህ አንዱ ነው። ይህን ንግግር ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምረን ሰምተነዋል። ሽማግሌ በተቀመጠበት ተነግሯል፤ በሠርግ ቤት ተሥቆበታል፤ በየማጀቱም እናቶች ራሳቸው ለሴቶች ልጆቻቸው ሲናገሩት ኖረዋል። ትርጓሜው ሲመረመር፣ የሴት ዕውቀት በራሱ ፍጻሜ የለውም፣ ወንድ ካልጨረሰው መና ቀርቷል ማለት ነው።

እኛም ዛሬ ይህን ምሳሌ በታሪክ ሚዛን ላይ አስቀምጠን ልንመዝነው አስበናል። የምንመዝነውም በሳይንስና በመሐንዲስነት ሙያ ነው። ስለ ምን ቢባል፣ መምህርነቱም፣ አስታማሚነቱም፣ ጸሐፊነቱም ለሴት ተገቢ ነው ከተባለ በኋላ እንኳ፣ «ድልድይ መሥራት፣ ሞተር መፍታት፣ የከዋክብትን ጉዞ ማስላት ግን የወንድ ድርሻ ነው» የሚል ድምፅ እስከ ዛሬ ድረስ ፈጽሞ ስላልጠፋ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ሩቅ ከመሄዳችን በፊት ወደ ገዛ ጓዳችን እንመልከት። ሳይንስ ማለት የፍጥረትን ጠባይ አስተውሎ፣ ለክቶና ፈትኖ፣ ምክንያቱን ማወቅ ነው። እንግዲህ አረቄ የምታወጣውን ሴት ተመልከቱ። ድፍድፉን በእሳት ላይ ትጥዳለች፤ ተኑን በመቃ አሳልፋ በቀዝቃዛ ውሃ ታበርደዋለች፤ የበረደውም ተን እንደ ገና ፈሳሽ ሆኖ ይንጠባጠባል። አልኮል በባሕር ጠለል ላይ በ78 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ ውሃ ግን እስከ 100 ዲግሪ ይቈያል። ስለዚህ እሳቱ ያለ ልክ ቢነድድ ውሃው ከአልኮሉ ጋራ ተከትሎ ይመጣና አረቄው ይቀጥናል። ሴትዮዋ ይህን ቍጥር በመጽሐፍ አላየችውም፤ እሳቷን ግን ትመጥናለች። በኬሚስትሪ ቤት ውስጥ ተማሪዎች በመስታወት ዕቃ የሚሠሩት ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም።

መሶብ የምትሰፋውም ልጃገረድ እንዲሁ ናት። ስንደዶውንና አክርማውን መርጣ፣ አለላውን በየቀለሙ ለይታ፣ በየዙሩ እየቈጠረች ትሰፋለች። ዙሩ እየሰፋ በሄደ መጠን በያንዳንዱ ቀለም ላይ ስንት ስፌት መጨመር እንዳለባት ካላሰላች፣ ጌጡ ዞሮ ሲመጣ ከጀመረበት ጋራ አይገጥምም። ነገር ግን ይህ ሁሉ «ባልትና» ተባለ እንጂ ዕውቀት አልተባለም። ምክንያቱ ሳይጠየቅ፣ በጽሑፍም ሳይቀመጥ፣ ከእናት ወደ ልጅ ብቻ ሲተላለፍ ኖረ። እናቶቻችን የጐደላቸው አእምሮ አልነበረም፤ የጐደላቸው መጽሐፍና ትምህርት ቤት ነበር።

ይህ በአገራችን ብቻ የደረሰ ነገር ነው ወይ? አይደለም። ዛሬ በሥልጣኔ ቀድመውናል የምንላቸው አገሮችም ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የዩኒቨርሲቲያቸውን በር በሴቶች ላይ ዘግተው ይኖሩ ነበር። የዚያን በር አከፋፈት ታሪክ የሚያነብ ሰው የምሳሌውን እውነተኛ ፍች ያገኛል።

በሩሲያ አገር ሶፊያ ኮቫሌቭስካያ የምትባል ሴት በ1850 በሞስኮ ከተማ ተወለደች። አባቷ የመድፈኛ ጦር ጄኔራል ነበር። ቤተ ሰቡ በርስታቸው ላይ ሲቀመጡ የቤቱን ግድግዳ በጌጠኛ ወረቀት ለማስለበጥ ቢጀምሩ፣ ወረቀቱ አለቀና ለልጆቹ ክፍል ሳይደርስ ቀረ። ስለዚህ ያን ክፍል ከዕቃ ቤት በተገኘ አሮጌ ወረቀት ለበጡት። ወረቀቱም አባቷ በወጣትነቱ የተማረበት የከፍተኛ ሒሳብ ትምህርት ኖሯል። ልጅቱ በግድግዳው ፊት ቆማ፣ የማታውቃቸውን ምልክቶች ስትመለከት ትውል ነበር። በዐሥራ አምስት ዓመቷ ያንኑ ትምህርት በመምህር ስትጀምር፣ አስቀድማ የምታውቀው ያህል ፈጥና በመረዳቷ መምህሩን አስደነቀችው።

የቤተ ሰቡ ጎረቤት የነበረ አንድ የፊዚክስ መምህርም የጻፈውን መጽሐፍ ለቤቱ አበርክቶ ነበር። ልጅቱ ስለ ብርሃን የሚናገረውን ምዕራፍ ስታነብ ያልተማረችው የስሌት ዓይነት ገጠማት፤ ትርጓሜውንም ማንም ሳያስረዳት በራሷ አሳብ ፈልጋ አገኘችው። መምህሩ ይህን ባወቀ ጊዜ ዝም አላለም። ወደ አባቷ ሄዶ፣ ይህች ልጅ ከፍተኛ ሒሳብ ልትማር ይገባል ብሎ አጥብቆ መከረ። አንባቢ ሆይ፤ የዚህን ጎረቤት ነገር ልብ ይሏል። የሠራው ሥራ ለአባት አንድ ቃል መናገር ብቻ ነበር፤ ቃሉ ግን አንድ በር ከፈተ።

ሁለተኛው በር ግን ጠንካራ ነበር። በዚያን ዘመን የሩሲያ ዩኒቨርሲቲዎች ሴት ተማሪ አይቀበሉም፤ ወደ ውጭ አገር ለመሄድም የአባት ወይም የባል ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። አባቷ ስላልፈቀደ፣ ሶፊያ በ1868 ቭላድሚር ኮቫሌቭስኪ ከተባለ ወጣት ጋራ ለፈቃዱ ሲሉ ብቻ ጋብቻ ፈጽማ በሚከተለው ዓመት ወደ ጀርመን አገር ሄደች። በ1870 በርሊን ደርሳ፣ በዘመኑ በሒሳብ ዕውቀቱ ስመ ጥሩ ወደ ነበረው ወደ ካርል ቫየርሽትራስ ቀረበች። እርሱም ይፈትናት ዘንድ ከባድ ከባድ ጥያቄዎችን ሰጣት፤ እርሷም ሁሉንም ፈትታ አመጣች። ሊቁ ዩኒቨርሲቲው እንዲቀበላት ቢለምን እንቢ አሉት። በዚህ ጊዜ፣ በአዳራሽ የሚያስተምረውን ትምህርት አራት ዓመት ሙሉ ለብቻዋ አስተማራት።

በ1874 የጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ፣ ካቀረበቻቸው ሦስት ጽሑፎች የተነሣ የዶክተርነት ማዕረግ ሰጣት። ከሦስቱ አንዱ በሳተርን ፕላኔት ዙሪያ ስላሉት ቀለበቶች ቅርጽ የሚመረምር ነበር። ዳሩ ግን ይህን ማዕረግ ይዛ ወደ አገሯ ብትመለስ የታሰበላት ሥራ፣ በልጃገረዶች ትምህርት ቤት ለታናናሾቹ ክፍሎች መደመርና መቀነስ ማስተማር ብቻ ሆነ። ዓመታት ካለፉ በኋላ በ1883 ሚታግ ሌፍለር የተባለ የስዊድን የሒሳብ ሊቅ ወደ ስቶክሆልም ጠርቶ የማስተማሪያ ስፍራ አስገኘላት። በ1888 ደግሞ የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ለውድድር ባወጣው ሽልማት ላይ ስለሚሽከረከር ግዑዝ አካል የጻፈችውን አቀረበች። በውድድሩ ደንብ መሠረት የጸሐፊው ስም በታሸገ ፖስታ ተለይቶ ይቀመጣል፤ የሚመረመረው ሥራው እንጂ ሠሪው አይደለም። ሽልማቱ ለእርሷ ተፈረደ፤ ስለ ሥራውም ብልጫ ከ3,000 ፍራንክ ወደ 5,000 ፍራንክ ከፍ ተደረገላት። በሚከተለው ዓመት በስቶክሆልም ቋሚ ፕሮፌሰር ሆነች፤ በ1891 ግን ገና በ41 ዓመቷ ዐረፈች።

እስቲ ነገሩን እናስተውል። ስሟ በታየበት ስፍራ ሁሉ በሩ ተዘጋ፤ ስሟ በፖስታ በታሸገበት ስፍራ ግን አንደኛ ወጣች። ታዲያ እንቅፋቱ ከአእምሮዋ ነበርን, ወይስ ከስሟ?

ምናልባት አንድ ሰው፣ «ይህስ በወረቀትና በብዕር የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ድንጋይና ብረት ግን ሌላ ነው» ይል ይሆናል። እንግዲያውስ ወደ ኒው ዮርክ ከተማ እንሻገር። የማንሐታንንና የብሩክሊንን ሰፈሮች የሚያገናኘውን ታላቅ ተንጠልጣይ ድልድይ ያቀደው ጆን ሮብሊንግ የተባለ መሐንዲስ ነበር። ሥራው በተጀመረበት ሰሞን በ1869 በአደጋ ሞተ። ልጁ ዋሽንግተን ሮብሊንግ ተተካ። የድልድዩን ምሰሶዎች ለመትከል ሠራተኞች ከውሃው በታች፣ ታምቆ የገባ አየር በሞላበት ታላቅ ሣጥን ውስጥ ሆነው ይቈፍሩ ነበር። ከዚያ ግፊት ፈጥኖ የሚወጣ ሰው በደሙ ውስጥ የሟሟው አየር አረፋ እየሆነ ሰውነቱን ያሽመደምደዋል። ዋሽንግተንም በ1872 በዚህ በሽታ ክፉኛ ተመታና ወደ ሥራው ቦታ መመላለስ ተሳነው።

ኤሚሊ ሮብሊንግ የምትባለው ሚስቱ በመጀመሪያ ትእዛዙን ለመሐንዲሶቹ የምታደርስ መልእክተኛ ነበረች። ነገር ግን የማያውቁትን ነገር ማድረስ እንደማይቻል ስለ ተረዳች የብረትን ጥንካሬ፣ የገመድን ውጥረትና የሸክምን አከፋፈል አጠናች። ከዐሥር ዓመት በላይ ሥራውን በየዕለቱ እየጐበኘች፣ ለመሐንዲሶችና ለብረት አቅራቢዎች ጥያቄ መልስ እየሰጠች፣ ባሏን ከዋና መሐንዲስነቱ ለማንሣት የተነሣውንም ክርክር እየተከላከለች ኖረች። ድልድዩ ግንቦት 24 ቀን 1883 ተመረቀ። በሁለቱ ግንቦች መካከል ያለው ርቀት 486 ሜትር ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ከነበሩት ተንጠልጣይ ድልድዮች ሁሉ የሚበልጥ ነበር። በምረቃው ላይ ንግግር ያደረገው አብራም ሂዊትም ስለዚህች ሴት ድካም በሕዝብ ፊት መስክሯል።

እዚህ ላይ ምሳሌያችን ተገለበጠ። አማቷ ጀመረ፤ ባሏ ቀጠለ፤ ሥራው በእርሷ አለቀ። ይህን ስንል ብቻዋን ሠራችው ማለታችን አይደለም፤ ባሏ በአልጋው ሆኖ ያስብ ነበር፤ በሥሩም ብዙ መሐንዲሶች ነበሩ። ዳሩ ግን ታላቅ ሥራ ሁሉ የሚያልቀው እንዲህ ነው፤ የሚችል ሰው ሁሉ እጁን ሲያነሣ እንጂ፣ ከሚችሉት ግማሾቹ ቆመው ሲመለከቱ አይደለም።

ኤሚሊ ወደ ሥራው የገባችው በባሏ ሕመም ምክንያት ነው። በራሷ ስምና በራሷ ማዕረግ ለመግባት የፈለገችው ሴት ምን ገጠማት? ለዚህ ኤዲት ክላርክን እንጠቅሳለን። ይህች ሴት ድልድዩ በተመረቀበት በዚያው በ1883 በሜሪላንድ ተወለደች። ወላጆቿ በልጅነቷ ሞቱባት፤ ከውርሷ የደረሳትን ገንዘብ ለትምህርት አዋለችው። በ1919 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የማስተርስ ዲግሪ በመቀበል የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ነገር ግን በመሐንዲስነት የሚቀጥራት ጠፋ። በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ለመሐንዲሶች ቍጥር የሚያሰሉ ሴቶች አለቃ ሆና ገባች። ማለት፣ መሐንዲሱ የሚያስፈልገውን ስሌት ትሠራለች፤ መሐንዲስ ግን አትባልም።

በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ኀይል ከማመንጫው እጅግ ወደ ራቁ ከተሞች መጓዝ ጀምሮ ነበር። በረጅም መሥመር ላይ ግፊቱና ፍሰቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ ማስላት ብዙ ሰዓት የሚፈጅ አድካሚ ሥራ ሆነ። ኤዲት ክላርክ ይህን ስሌት በቀላሉ የሚያወጣ መሣሪያ ፈለሰፈች፤ የፈጠራ መብቱም በ1925 ተሰጣት። ከዚያ አስቀድሞ በ1921 የመሐንዲስነቱን ስም ስላላገኘች ሥራዋን ትታ፣ በኢስታንቡል በሴቶች ኮሌጅ ፊዚክስ ልታስተምር ሄዳ ነበር። በሚከተለው ዓመት ስትመለስ ኩባንያው በመሐንዲስነት ቀጠራት። በ1947 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና መምህር ሆነች። ዛሬ በ1960 ሥራ ከጀመረው ከቆቃ ግድብ አንሥቶ እስከ ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ድረስ፣ በተራራና በቈላ ላይ የሚያልፈው መሥመር ሁሉ የዚህ ዓይነት ስሌት ሳይሠራለት አይዘረጋም። በቤታችን መብራት የምናበራ ሁሉ በሩን ካንኳኳች አንዲት ሴት ድካም ተካፋዮች ነን።

ከዚህም ጋራ አንድ ሌላ ታሪክ እንጨምር። ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ወንዶች ወደ ጦር ሜዳ ሲዘምቱ፣ ብዙ ሴቶች በፋብሪካ ገብተው የጥይትና የመሣሪያ ሥራ ሠሩ። «ሴት ሞተር አትነካም» የሚለው ልማድ በአንድ ጊዜ ተረሳ። ጦርነቱ ሲያበቃ ግን በ1919 የወጣው ሕግ የጦርነት ጊዜ ሠራተኞች ቦታውን ለቀድሞዎቹ እንዲለቁ አስገደደ። በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ቀን ሰባት ሴቶች ተሰብስበው የሴቶች ምሕንድስና ማኅበርን መሠረቱ። የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሬቸል ፓርሰንስ፣ የእንፋሎት ተርባይንን የፈለሰፈው የቻርልስ ፓርሰንስ ልጅ ነበረች። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። እጅ በጠፋ ጊዜ ችሎታቸው ታመነ፤ እጅ በተገኘ ጊዜ ችሎታቸው ተካደ። ችሎታቸው ግን በሁለቱም ጊዜ ያው ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ አባቶች እንመለስ፤ የነገሩ ቍልፍ በእጃቸው ነውና። በአሜሪካ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት በ1918 ካትሪን ጆንሰን ተወለደች። ጥቁሮችና ነጮች ተለያይተው ይማሩ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ በመንደሯ ለጥቁር ልጆች የነበረው ትምህርት በስምንተኛ ክፍል ያበቃ ነበር። አባቷ ገበሬና የእጅ ሥራ ሠራተኛ እንጂ ባለጸጋ አልነበረም። ነገር ግን ልጆቹን በዚያ ሊያስቀራቸው አልወደደም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደሚገኝበት፣ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ከተማ ወስዶ እናታቸውን ከእነርሱ ጋራ አስቀመጠ፤ እርሱ ግን ለሥራው በመንደሩ ቀረ። ልጅቱ በዐሥር ዓመቷ ሁለተኛ ደረጃ ገባች፤ በዐሥራ ስምንት ዓመቷ በ1937 ኮሌጅ ጨረሰች። በኮሌጁም አንድ መምህር ስለ እርሷ ብሎ በትምህርት ዝርዝሩ ያልነበረ የሒሳብ ትምህርት አዘጋጅቶላታል።

ይህች ሴት በ1953 የአውሮፕላንና ኋላም የጠፈር ምርምር ወደሚደረግበት የላንግሊ ቤተ ሙከራ ገባች። በ1962 ጆን ግሌን መሬትን በመንኰራኵር ሊዞር በተዘጋጀ ጊዜ፣ የኤሌክትሮኒክ ማስሊያው ያወጣውን ቍጥር ካትሪን በእጇ አስልታ እንድታረጋግጥለት ጠየቀ። እርሷም አረጋገጠችው፤ እርሱም ሄዶ በሰላም ተመለሰ። በ2015 የአገሯን ከፍተኛ የሲቪል ሜዳልያ ተቀብላ፣ በ2020 በ101 ዓመቷ ዐረፈች። የአንድ ሰው ሕይወት በእርሷ ቍጥር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ቍጥሩ ግን አባቷ በከፈለው የመለየት ዋጋ ላይ የቆመ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ ከዚህ የራቀ ነገር አናገኝም። በ1931 በእቴጌ መነን ስም የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት፣ ሴት ልጅን ለዘመናዊ ትምህርት ከቤት ማስወጣት ለብዙ ወላጆች እንግዳ ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ትውልድ ያፈራውን ለማየት ሁለት ሴቶችን ብቻ እንጥቀስ።

ዶክተር ሰገነት ቀለሙ የተወለዱት በጎጃም በፍኖተ ሰላም ነው። በልጅነታቸው አንበጣ ወርዶ የገበሬውን አዝመራ ሲያጠፋ አይተዋል። ከተወለዱበት አካባቢ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነው እርሻ አጠኑ። በአሜሪካ በዕፀዋት በሽታ ጥናት ዶክተርነታቸውን ተቀብለው፣ በኮሎምቢያ ለብዙ ዓመታት የከብት መኖ ሣሮችን በሽታና ከሣሮቹ ጋራ ተባብረው የሚኖሩትን ረቂቅ ሕያዋን ሲመረምሩ ኖሩ። ወደ አፍሪካ ተመልሰውም ከ2013 ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ያህል በናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ጥናት ማዕከል መሩ፤ በዚያ ስፍራ የመጀመሪያዋ ሴት መሪ ነበሩ። በ2014 ሎሬያልና ዩኔስኮ ለሴቶች ሳይንቲስቶች የሚሰጡትን ሽልማት ተቀበሉ። አንበጣ አዝመራ ሲበላ ያየች የገጠር ልጅ፣ የነፍሳትን ጠባይ ለሚመረምሩ ሊቃውንት አለቃ ሆነች።

ሁለተኛዋ ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ናቸው። በ1966 በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው የግእዝ መጻሕፍት ሊቅ የነበሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ፣ በ1975 በወታደሮች ጥይት ቈስለው እግራቸው ሽባ ከሆነ በኋላ ቤተ ሰቡ ተሰዶ በአሜሪካ በሚኒሶታ ተቀመጠ። አባት በብራና ላይ የተጻፈውን ሲያነቡ ሲተረጕሙ፣ ልጅ ደግሞ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የቍሳቍስን ጠባይ አጠኑ። በ2001 ሃይድሮጅንን ከኦክስጅን አገናኝቶ ያለ ነበልባል ኤሌክትሪክ ለሚሰጠው መሣሪያ የሚያገለግል አዲስ ዓይነት ጠጣር ቍስ ከተማሪዎቻቸው ጋራ ለዓለም አሳወቁ። አባት የጥንቱን ዕውቀት ሲጠብቁ ኖሩ፤ ልጅ አዲሱን ይፈልጋሉ። በአንድ ቤት ውስጥ ዕውቀት በጾታ አልተከፈለም።

ከዚህ በኋላ የሚቀርቡትን መከራከሪያዎች እንመልከት። አንደኛው፣ «የመሐንዲስነት ሥራ ለሴት ጕልበት ይከብዳል» የሚል ነው። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ይመዝናል። ይህን ጭነት በጀርባዋ አዝላ ከምንጭ ዳገት የምትወጣውን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሁላችንም እናውቃታለን፤ ከእንጦጦ ተራራ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትንም እናቶች እናውቃቸዋለን። ይህ ከበዳቸው ያለ ሰው አልተሰማም። ታዲያ እንዴት ነው፣ እንስራና እንጨት ያልከበዳት ሴት ማስመሪያና እርሳስ ሲሆን የሚከብዳት? የውሃው ቧንቧ ወደ መንደሩ የሚደርስበትን ስሌት ከማንም ይልቅ በልቧ የምትፈልገው፣ ውሃውን በጀርባዋ የተሸከመችው እርሷ ናት።

ሁለተኛው፣ «ትዳሯን ያሳጣታል» የሚል ነው። ሶፊያ የልጅ እናት ነበረች፤ ካትሪን ሦስት ሴቶች ልጆች አሳድጋለች። ሁለት ጊዜ የኖቤል ሽልማት የተቀበለችው ማሪ ኩሪም የሁለት ልጆች እናት ነበረች፤ ታላቂቱም ልጅዋ ኢሬን በ1935 በተራዋ ከባሏ ጋራ ያንኑ ሽልማት አገኘች። ዕውቀት ከቤት አላስወጣቸውም፤ ይልቁንም ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ርስት ሆነላቸው።

ሦስተኛው፣ «ልጃገረዶች ራሳቸው ሒሳብ አይወዱም» የሚል ነው። ይህን የሚል ሰው አስቀድሞ የልጅቱን ሰዓት ይቍጠር። ወንድሟ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ይገልጣል፤ እርሷ ስትመለስ እንስራዋን ታነሣለች። እርሱ በፀሐይ ብርሃን ያጠናል፤ እርሷ ወጡ ከወጣ፣ ዕቃው ከታጠበ በኋላ እንቅልፍ በዐይኗ ላይ ሳለ ትጀምራለች። በፈተናም ጊዜ ሁለቱ በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ። እርሷ ብትወድቅ «ሴት ናት» ይባላል፤ «ሰዓት አልነበራትም» የሚል ግን የለም።

ዛሬ በአገራችን ሴት ልጅን ከሳይንስ ትምህርት የሚከለክል ሕግ የለም። የሶፊያ በር በሕግ የተቈለፈ ስለ ነበር በአዋጅ ሊከፈት ይቻል ነበር። የዛሬው በር ግን በአዋጅ አይከፈትም፤ የተቈለፈው በየቤታችን ነውና። ስለዚህ ቍልፉን የያዝን ሰዎች ድርሻችንን እንወቅ።

አባት የሆንክ፣ በቀን ሁለት ሰዓት ለልጅህ ስጣት። ውሃውን ወንድሟ በተራው ይቅዳ፤ ክንዱ አይጐድልም። እናት የሆንሽ፣ አንቺ ያላገኘሽውን ለልጅሽ አትንፈጊያት፤ ያረቄውን እሳት ለምን እንደምትመጥኚ ስትጠይቅሽ «ዝም ብለሽ ሥሪ» አትበያት፤ ጥያቄዋ የሳይንስ መጀመሪያ ነውና። መምህር የሆንክ፣ በክፍልህ ውስጥ ጥያቄ ስትጠይቅ ዐይንህ ወደ ወንዶቹ ወንበር ብቻ አይሂድ፤ የተሰጠሃትን ልጅ ብታገኝ እንደዚያ ጎረቤት ወደ አባቷ ቤት ሂድና ተናገር። ሠራተኛ የምትቀጥርም አለቃ፣ ማመልከቻውን ስታነብ ስሙን በእጅህ ሸፍነህ ሥራውን አስቀድመህ መርምር።

አንቺም ልጄ፣ ይህን ጽሑፍ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ወይም በአባትሽ ጋዜጣ ላይ የምታነቢው፣ ስለ ችሎታሽ የሚነገርሽን ሁሉ አትመኚ፤ ራስሽን በሥራ ፈትኚ። አንድ የሒሳብ ጥያቄ አልፈታ ቢልሽ ሴት ስለሆንሽ አይደለም፤ ጥያቄው ከባድ ስለሆነ ነው። ለወንዱም እንዲሁ ከባድ ነው። ነገ ደግመሽ ሞክሪው።

ክቡራን አንባብያን፤ አገራችን የምትሠራው መንገድ፣ የምትገድበው ወንዝ፣ የምታክመው በሽታ፣ የምትከላከለው አንበጣ ብዙ ነው። ይህን ሁሉ በግማሽ አእምሮዋ ልትጨርሰው አትችልም። «ሴት ብታውቅ በማን ያልቅ?» ብለን በርእሳችን ጠይቀናል። ታሪክ የመለሰልን መልስ አጭር ነው፤ ከጀመረችበት ሳያስቆሟት ከቀሩ፣ በራሷ ያልቃል።